ዲሲ እየኖራችሁ ዲሲን ለማታውቋት

አዲስ ለመጣችሁ ወገኖቼ፣ የወረቀቱን ነገር በአንድ መስመር ልጨርሰው፦ ቅጹን ራሳችሁ ሙሉ፣ ቀጠሮ አታሳልፉ፣ «ጉዳይ አስጨርሳለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትስጡ።

1. አድራሻ። ዋሽንግተን የኮንግረሱን ሕንፃ ካፒቶልን መሃል አድርጋ ለአራት የተከፈለች ከተማ ናት። 14ኛ ጎዳና ኖርዝዌስትም አለ፣ ሳውዝኢስትም አለ። ኡበርና ዴሊቨሪ የምትሠሩ፣ የአድራሻውን ጭራ፣ ኖርዝዌስት ይሁን ሳውዝኢስት፣ ሳታነቡ ሞተር አታስነሱ። በፊደል የተሰየሙት ጎዳናዎች ደግሞ ከአይ ወደ ኬ ይዘላሉ። ጄ ጎዳና የለም፣ ስትፈልጉት አትዋሉ።

2. አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ሁላችሁም «ዲሲ ነኝ» ትላላችሁ። ድሮ ልክ ነበር፤ ኮንግረስ ያንን መሬት ለቨርጂኒያ እንዲመለስ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ዛሬ ግን ግብሩም ሕጉም ሌላ ነው። ዲሲ የሚኖር ጓደኛችሁ የነገራችሁ ለእናንተ አይሠራም።

3. ልጆቻችሁና አማርኛ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ዊተን የሜትሮ ጣቢያ ያለው ኤስካሌተር 70 ሜትር ይረዝማል፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ነው። ከታች እስከ ላይ ወደ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ቀን ከፊቴ አንዲት እናት ከልጇ ጋር ቆማለች። ልጁ ቀና ብሎ «ለምንድነው እንዲህ የረዘመው?» ይላታል፣ በእንግሊዝኛ። እሷ ስልክ ላይ ናት፤ አማርኛዋ እንደ ማር የሚጥም። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ዝም በል» አለችውና ወሬዋን ቀጠለች። ያ ሁሉ ደቂቃ በነጻ የተሰጠ ነበር። ጣቢያው መሬት ውስጥ እጅግ ጥልቅ ስለሆነ ነው ብላ በራሷ ቋንቋ ብትነግረው ምን ነበረበት?

«ጊዜ የለም፣ ሁለት ሥራ ነው» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ አንድ እሑድ ስጡኝ። ዲሲ ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ አያስከፍሉም፣ የአራዊት መጠበቂያውም እንዲሁ። ለዚህ ሁሉ ገንዘቡን የተናዘዘው ጄምስ ስሚዝሰን አሜሪካን በሕይወቱ ረግጦ አያውቅም፤ ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው አጽሙ እ.ኤ.አ. በ1904 እዚህ የመጣው። ይህን ለልጅ ንገሩት፣ ዓይኑ ሲፈጥ ታያላችሁ። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ውስጥ ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የሚያሳይ አዳራሽ አለ። እዚያ ስለ ድንቅነሽ በአማርኛ ልታወሩለት ካልቻላችሁ ማን ያውራለት? አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 እንደተገኘች ከባዕድ አስጎብኚ ይስማ?

ወጣ ስትሉ የዋሽንግተንን ሐውልት ቀና ብሎ እንዲያይ አድርጉት። ከቁመቱ አንድ አራተኛ አለፍ ብሎ የድንጋዩ ቀለም ይቀየራል። ሥራው በገንዘብ እጦትና በጭቅጭቅ ቆሞ ለ20 ዓመት ከዚያም በላይ ተገትሮ ስለቀረ፣ ሲቀጥል ሌላ ድንጋይ ነው የተጠቀሙት። ቀለሙ የት ላይ እንደሚለያይ መጀመሪያ እሱ ያግኘው፣ ከዚያ እናንተ ታሪኩን በአማርኛ ንገሩት። ቋንቋ የሚለመደው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ፊደል አስቆጥራችሁ፣ ቀሪውን ሳምንት በእንግሊዝኛ እየተቆጣችሁት አይሆንም። የእኔ ትልቋ ልጅ ከአያቷ ጋር በስልክ «ደህና ነኝ» ከምትለው አታልፍም፤ እናቴ ስልኩን ዘግታ ምን እንደሚሰማት ስለማውቅ ነው የምጮኸው።

የሚያስገርመውን ልንገራችሁ። ይቺ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን በአማርኛ ያዘጋጃሉ። የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ ይሰጣል። የከተማው አስተዳደር ለአማርኛ ገንዘብ ሲመድብ፣ እኛ ቤት ግን ልጁ ውሃ የሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ነው!

ስለዚህ የዲሲ መሥሪያ ቤት ወይም የሕዝብ ትምህርት ቤት ስትሄዱ የዘጠኝ ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ። አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ፣ ጠይቁ። ልጁ መምህሩ ስለ እሱ ያለውን መርጦ ነው የሚነግራችሁ።