አዲስ መጪውን በሺሻ አትቀበሉት

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በተለይም በቨርጂኒያ በኩል፣ ወገኖቻችን አርብ ማታ ከሥራ ሲወጡ የሚሰባሰቡት በሐበሻ ምግብ ቤቶች ብቻ አይደለም። የሊባኖስ፣ የሶርያ ወይም የቱርክ ምግብ የሚያቀርቡ፣ በስተኋላቸው የሺሻ ሳሎን ያላቸውና ራሳቸውን «ሜዲትራኒያን» ብለው የሚጠሩ ቤቶችም በእኛው ልጆች ይሞላሉ። በዚህ አካባቢ ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ገንዘቤንም ጊዜዬንም ለእነዚህ ቤቶች ሰጥቻለሁ። በቅርቡ ለመጣችሁም ሆነ ዘመድ ለምትቀበሉ የምለው አለኝ፤ ቃሌ ቢመርም ስሙኝ።

1. መታወቂያ

ሺሻ በሕግ ትምባሆ ነው፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮም በመላው አሜሪካ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥ ስለተከለከለ፣ በር ላይ መታወቂያ ትጠየቃላችሁ።

2. ገበታው

ምግቡ ጥሩ ነው፤ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሑሙስ የሚሠራው ከተፈጨ ሽምብራና ጣሂና ከሚባለው የሰሊጥ ልቁጥ ሲሆን፣ የሁመራ ሰሊጥ ለጣሂና ተፈላጊ በመሆኑ በውጭ ገበያ የታወቀ ነው። በጾም ወቅት ሑሙስ፣ ከተፈጨ ጥራጥሬ ተድቦልቡሎ የሚጠበሰው ፈላፍል፣ የቅጠል ሰላጣው ታቡሌና ከተጠበሰ ደበርጃን የሚዘጋጀው ባባ ጋኑሽ ይበላሉ፤ ሆኖም አንዳንዱ ቤት እርጎ ስለሚጨምር ጠይቁ። ሥጋው ብዙውን ጊዜ የሐላል እርድ ስለሆነ፣ በእርድ ጉዳይ የምትጠነቀቁ የኦርቶዶክስ ልጆች ከማዘዛችሁ በፊት አጣሩ። ለአስተናጋጅ ከሒሳቡ 18 ወይም 20 በመቶ ቲፕ መስጠት የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው ሆናችሁ ስትሄዱ ግን ቤቱ ራሱ ሊጨምረው ስለሚችል ደረሰኙን ሳታነቡ ሁለት ጊዜ አትክፈሉ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከፊተኛው ክፍል አትለፉ። በቨርጂኒያ ከታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ በምግብ ቤት ውስጥ ማጨስን የሚፈቅደው በግድግዳ በተለየና የራሱ የአየር ማስወጫ ባለው ክፍል ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ጭሱ ወደ ገበታው ይመጣል።

3. ከሰሉ

እናቴ ደሴ ናት። ክረምት ሲገባ ቤቱን የምታሞቀው በምድጃ ከሰል ነበር፤ ነገር ግን ፍሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ብርዱም የቱንም ያህል ቢጠና፣ ከመኝታ በፊት ምድጃው ደጅ ሳይወጣ የቀረበትን አንድ ሌሊት አላስታውስም። «ከሰል ያፍናል» ትል ነበር። በአገራችን ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ በከሰል ጭስ ታፍኖ ስለሞተ ቤተሰብ ሰምቶ ያላዘነም የለም። ታዲያ እዚህ ስንመጣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሃያ የሺሻ ዕቃ ተደርድሮ፣ በየአንዳንዱ አናት ላይ ሦስት ሦስት ፍም ተቀምጦ እያየን፣ እስከ እኩለ ሌሊት የምንቀመጠው ምን ነክቶን ነው?

ውኃው ያጣራዋል የሚባለው ስሕተት ነው። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ መርዙን አያስቀረውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሺሻ ቆይታ የሚስበው የጭስ መጠን መቶና ከመቶ በላይ ሲጋራ ከሚያጨስ ሰው ጋር ሊስተካከል ይችላል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል። ብዙዎቻችን ይህንን «ሞቅ አለኝ» እንለዋለን። ኢትዮጵያ እንኳ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የሺሻን ንግድ ከልክላለች፤ እኛ ግን እዚህ መጥተን የተማርነው የመጀመሪያው ነገር እሱ ሆነ።

4. «ትለምደዋለህ»

ይህን ክፍል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ በዲቪ የመጣው ሐሙስ ዕለት ነበር፤ ከዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብዬ ቤቴ አሳደርኩት። በአገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። በማግስቱ አርብ ማታ ጓደኞቼን ሰብስቤ፣ ክብር የሰጠሁት መስሎኝ፣ ወደ ሺሻ ቤት ወሰድኩት። አስተናጋጁ ልጅ ፍሙን በትንሽ መጥበሻ እያወዛወዘ መጥቶ በመቆንጠጫ አንድ በአንድ በሺሻው አናት ባለው ፎይል ላይ ሲያስቀምጥ፣ ወንድሜ በአድናቆት ይመለከት ነበር። ቱቦውን በሁለት እጁ፣ እንግዳ ጽዋ እንደሚቀበል ሆኖ ተቀበለኝ። ሳበ፤ ሳል ያዘው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሁላችንም ሳቅን። «ትለምደዋለህ» አልኩት።

ለመደው። የሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲዘጋ በቀጥታ ወደዚያ ይሄድ ጀመር። ሺሻው፣ መጠጡ፣ ምግቡና ቲፑ ተደምሮ በአንድ ምሽት ስልሳ ዶላር ያህል ያወጣል፤ በሳምንት ሁለት ምሽት ሲሆን መቶ ሃያ፣ በዓመት ከስድስት ሺህ በላይ ነው። የተመዘገበበትን የነርስነት ትምህርት በሁለተኛው ሴሚስተር ተወው። እናታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች፤ እሱ ተኝቷል። «ወንድምህ አሞታል ወይ? ለምን አትነግሩኝም?» ስትለኝ «ሥራ ላይ ነው እማዬ» እላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሸኋት።

አንድ ሌሊት ከዚያው ቤት ሲወጣ መኪናው አጠገብ ወደቀ። ሐኪሙ ደሙን ካስመረመረ በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ከሰል የሚነድበት ክፍል ውስጥ ነበር?» ብሎ ነው። ያን ጊዜ በጆሮዬ የመጣው የእናቴ ድምፅ ነበር። ወንድሜ ተርፎ ዛሬ ደህና ነው፤ ሺሻም ትቷል። ወደ ትምህርቱ ግን አልተመለሰም፤ ይህንን እኔ ነኝ ያጠፋሁት።

ስለዚህ ዘመድ የምትቀበሉ ሰዎች ሆይ፣ ያ የመጀመሪያው አርብ በእጃችሁ ነው። እንግዳው አገሩን አያውቅም፤ ያሳያችሁትን ቤት የአገሩ ወግ ነው ብሎ ይይዛል። ብቸኝነቱን እናውቀዋለን፤ በአማርኛ የሚጫወት ሰው ፍለጋ እንጂ ጭስ ፍለጋ እንዳልሄደም እናውቃለን። ጨዋታውን ስጡት። ቤታችሁ ቡና አፍሉለት፤ ዕድርና ማኅበር ካላችሁ አስተዋውቁት፤ ለትምህርት የሚመዘገብበትን ቢሮ አብራችሁት ሂዱ።

የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በቀን፣ ያንኑ የሊባኖሶች ምግብ ቤት አሳየዋለሁ፤ ፊተኛው ክፍል መስኮት አጠገብ ተቀምጠን ሑሙስና ትኩስ ዳቦ እንበላለን። ከዚያ ቶሎ ወደ ቤት ገብተን ደሴ እንደውላለን፤ እዚያ መሽቶ ስለሚሆን እናቴ ሳትተኛ መድረስ አለብን።