ሶሻል ወርክ ልማር፤ ከዜሮ እጀምር ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከአገር ቤት የመጣሁት በሶሺዮሎጂ ዲግሪ ይዤ ነው። አሁን ሆም ኬር እየሠራሁ አረጋውያን እረዳለሁ። በሶሻል ወርክ ማስተርሴን ልማር ብዬ ሳጠያይቅ አንዱ «ከዜሮ ትጀምሪያለሽ»፣ ሌላው «አንድ ዓመት ይቀነስልሻል» ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሥራ ማቆም አልችልም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ ልበልሽ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ማስተርሱን ለመጀመር የትኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃል፤ ከዜሮ አትነሺም። ዓመት የሚቀነሰው ግን የመጀመሪያ ዲግሪው ራሱ ሶሻል ወርክ ለሆነና እዚህ አገር ዕውቅና ላገኘ ሰው ነው። የእኛ ሶሺዮሎጂ አይቆጠርም። የእኛ ያልኩት እኔም እሱኑ ስላጠናሁ ነው። የአዲስ አበባው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ በደርግ ጊዜ ተዘጋ፤ በማስተርስ የተመለሰው በ2004 ነው። እኔ ስማር የሚቀርበኝ ሶሺዮሎጂ ነበር።

ስለዚህ ሙሉ ጊዜ ከተማርሽ ሁለት ዓመት፣ በትርፍ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ያዢ። ትራንስክሪፕትሽን ማስገምገም አለብሽ። ሬጅስትራር ድረስ ሄዶ የሚሰለፍልሽ ዘመድ አዲስ አበባ ካለሽ ዛሬውኑ ደውይለት። ትምህርት ቤቱ የአሜሪካው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት (CSWE) ዕውቅና እንዳለው ሳታረጋግጪ ደግሞ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍዪ፤ አለዚያ የሥራ ፈቃዱ (ላይሰንሱ) ላይ ትቸገሪያለሽ። እዚሁ አጠገብሽ ያሉት ሃዋርድና ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዕውቅናው አላቸው።

ዋናው ራስ ምታት ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ፊልድ ነው። ቢያንስ 900 ሰዓት ድርጅት ውስጥ ትሠሪያለሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ። በሳምንት 16 ሰዓት ብትሠሪ ከ56 ሳምንት በላይ ይፈጃል። ምክር ቤቱ በ2022 ያወጣው መመዘኛ ግን የራስሽን የሥራ ቦታ እንደ ፊልድ መቁጠር ይፈቅዳል፤ ትምህርት ቤቱ ከተቀበለው ማለት ነው። ኤጀንሲሽ ውስጥ ማስተርስ ያለው ሶሻል ወርከር አለ? ከሌለ በማን ሥር ትሠለጥኛለሽ?

እኔ ፊልድ የወጣሁት አንድ ሆስፒታል ነበር። የመጀመሪያውን ወር አስተርጓሚ አድርገውኝ ዋልኩ። አበሻ በሽተኛ በመጣ ቁጥር «ነይ» ነው። ተማሪ መሆኔን የሚያስታውስ የለም። ትምህርት ቤቴ ድረስ ሄጄ ጮኼ ነው የምከታተለው የራሴን በሽተኛ የሰጡኝ።

አንዲት እናት ደረሱኝ። ሕመሙ እንዴት ነው ስላቸው «ተመስገን»። ምግብ ይበላሉ ወይ ስል «ተመስገን»። ማታ ንግግሩን ቃል በቃል ጽፌ (ይህን በየሳምንቱ ትጽፊያለሽ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንቅልፍ እያዳፋሽ) መጨረሻው ላይ «ደህና ናቸው» አልኩ። አሠልጣኜ ቃሉን በቀይ ከባ «በምን አወቅሽ?» ብላ መለሰችልኝ።

በማግስቱ «ማታ ማታ ሻይ ማን ያፈላልዎታል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ልጃቸው ሌሊት ነው የምትሠራው። የኤሌክትሪክ ምድጃውን ስለሚፈሩት እራት አይበሉም። መድኃኒቱን «ከምግብ በኋላ» ስለተባሉ እሱንም አይወስዱም። ሐኪሙ እኮ መጠኑን ሊጨምርላቸው ነበር!

የሻዩን ጥያቄ አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ትጠይቂው ነበር፤ ሥራሽ ነዋ። የሚጎድልሽ ጽሕፈቱና ሕጉ ነው።

አሁን ማመልከቻውን ተይውና ለየትምህርት ቤቱ የፊልድ ቢሮ ደውዪ። የማታና የቅዳሜ ቦታ ስንት እንዳላቸው ጠይቂ። ቁጥሩን ካልነገሩሽና «ያኔ እናያለን» ካሉሽ ወደ ቀጣዩ ደውዪ።