ታፔላሽን አንሺ ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፒያሳ አካባቢ ፊቷ 5 ሜትር የሆነ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ከበሩ በላይ 4 ሜትር በ1.5 ሜትር ላይት ቦክስ፣ ከውስጥ የሚበራውን ታፔላ፣ ሰቅያለሁ። ወደ እግረኛው መንገድ የወጣች ክብ ታፔላም አለችኝ፤ መስታወቱ ላይ ደግሞ ስቲከር። ሰሞኑን ሁሉንም አንሺ ተባልኩ። አዲሱ ታፔላ ከጎረቤቶቼ ጋር በልክም፣ በቀለምም፣ በፊደልም አንድ ዓይነት ይሁን ነው የሚሉት። በቀኜ ወርቅ ቤት፣ በግራዬ ፋርማሲ ነው። ደንበኛ እኔን በምን ይለየኛል? የላይት ቦክሱ ገንዘብስ ቀልጦ ይቅር?
ባለ መቀሷ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እህቴ፣ አይቀየሙኝና ግማሹን በእርስዎ ላይ ነው የምፈርደው። ግማሹን ደግሞ አንሺ ባሉዎት ሰዎች ላይ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። እኔ ታፔላ መጻፍ የጀመርኩት በ1974 ዓ.ም. እዚያው ፒያሳ ነው። ላሜራውን መሠረት ቀለም እንቀባለን። ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥረን ጧ እናደርገዋለን፤ መስመሩ ይወጣል። ከዚያ ፊደሉ በዘይት ቀለም ነው። አንድ ታፔላ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ግድግዳ የሚያህል ታፔላ የሚያዝ ሰው አልነበረም፤ ኪሱ አይፈቅድማ! ነገሩ የተበላሸው ፍሌክስ፣ ያ በማሽን የሚታተመው የፕላስቲክ ሸራ፣ ሲመጣ ነው። እኔም ቡሩሼን አስቀምጬ ወደ ኅትመት ገባሁ። በካሬ ሜትር ርካሽ ስለሆነ ደንበኛው ሁሉ «ጨምርበት» ይለኛል፣ እኔም እጨምራለሁ። አንዱ 2 ሜትር ሲሰቅል ጎረቤቱ 3፣ የዚያ ጎረቤት 4። የእንጨት በረንዳ ያላቸው የድሮ ቤቶች መስኮታቸው ሳይቀር በፍሌክስ ተሸፈነ። በመጨረሻ ሁሉም ጮኾ ማንም የማይሰማበት ሆነ።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ላይት ቦክስ። 4 በ1.5 ማለት 6 ካሬ ሜትር ነው። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቢልቦርድን ጨርሳ ከልክላለች፤ «የንፁህ ከተማ ሕግ» ይሉታል። የሱቅ ታፔላ አልተከለከለም፣ ግን ልክ ወጣለት። የቤቱ ፊት ከ10 ሜትር በታች ከሆነ የሚፈቀደው 1.5 ካሬ ሜትር ነው። የእርስዎ ቤት እዚያ ቢሆን ኖሮ በአራት እጥፍ አልፈዋል ማለት ነው። ነጋዴው መጀመሪያ አበደ። ታፔላው ሲወርድ ግን የተሰነጠቀ ግድግዳም፣ የተረሳ ያማረ ሕንፃም አብሮ ታየ። ብዙዎች ቤታቸውን አሳምረው ቀቡ፤ ቀለሙ ራሱ ታፔላ ሆነላቸው።

«1.5 ካሬ ሜትር ምን ይበቃል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበቃል። የፈረንጆቹ ታፔላ ጸሐፊዎች ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ይበቃል ይላሉ። የእኛ ፊደል ግን ጣጣ አለው፤ «ሱ» እና «ሲ» የሚለዩት እግራቸው ላይ ባለች ቅጥያ ብቻ ነው። (አንድ ጊዜ ቅጥያዋን ዝቅ አድርጌ «ሱቅ» ብዬ የጻፍኩት «ሲቅ» ሆኖ ባለቤቱ ወር ሙሉ ሲስቅብኝ ከርሟል።) ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ ከፍ አደርገዋለሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ 15 ሜትር ርቆ ለሚያይ ሰው 20 ሴንቲ ሜትር ፊደል ይስጡት። ስምዎ ሦስት ፊደል ቢሆን፣ «ልብስ ስፌት» ሲጨመርበት ዘጠኝ ፊደል ነው። 3 ሜትር በግማሽ ሜትር ላይ ዘና ብሎ ይቀመጣል። ስልክ ቁጥሩን፣ «እናመሰግናለን»ን፣ የሙሽራዋን ፎቶ ይተዉት። እሱ ነው ቦታ የሚበላው።

አሁን አንሺ ያሉዎት ሰዎች ጥፋት። ልክ ማውጣት ሌላ፣ ሁሉን አንድ ማድረግ ሌላ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በእግሬ እሄዳለሁ። መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ መብራቱ ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ግን ሕንፃው ግራጫ፣ ታፔላውም አንድ ዓይነት ሲሆን ወርቅ ቤቱን ከፋርማሲው ለመለየት ጠጋ ብዬ ማንበብ አለብኝ። መነጽሬን የረሳሁ ቀን ደግሞ አለቀልኝ።

ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የሚያውቀው ታፔላ ነበረን እኮ። እንጨት ላይ የተሰቀለ ጣሳ ካየህ ጠላ ቤት ነው። ቀይና ነጭ ከሆነ ሥጋ ቤት። ፊደል የለ፣ መብራት የለ። በኦስትሪያ ሳልዝበርግ ጌትራይደጋሰ የምትባል ጠባብ የገበያ መንገድ አለች፤ ሱቆቹ የሚሰቅሉት የተቀጠቀጠ ብረት ታፔላ ነው። የብረት ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ ቅርጹ ግን የየራሳቸው ነው። ማክዶናልድ እንኳ እዚያ እንደ ሌላው ብረት ሰቅሏል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። በቃል የተነገረዎትን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ «ትልቅ ነው» አይበቃም፣ በሜትር ይነገርዎት። ልኩንና ከፍታውን ይቀበሉ። ከዚያ በተፈቀደው ልክ ውስጥ አንድ መቀስ ከብረት ቆርጦ ለማስገባት ንድፍ አሠርተው ያስገቡ። ንድፍ ይዞ የሄደ ሰው አቤቱታ ብቻ ይዞ ከሄደ ይሻላል። ቤቱ የመንግሥት ኪራይ ከሆነ ደግሞ ግድግዳውን ከመብሳትዎ በፊት አከራዩን ያስፈቅዱ። ፒያሳ ላይ በ1967 ዓ.ም. የተወረሱ ቤቶች ብዙ ናቸውና ይህ ነገር ብዙ ሰው አስቸግሯል።

የላይት ቦክሱ ገንዘብ? የሚመለስ አይመስለኝም። ፍሬሙን ግን አይጣሉት። ብየዳ ቤት ወስደው ያስቆርጡት፤ አዲሱ ታፔላ ከእሱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ የአባቴ ፀጉር ቤት በእጅ የተሣለ የላሜራ ታፔላ ነበረው። አዲስ ስናሠራ ወረደ። ዝጓል። ልጣለው?
ከጎንደር

መልስ፦ ልጄ፣ እንዳትጥለው! ውጭ ካልተፈቀደ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ትይዩ ስቀለው። በለስላሳ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ውኃ ብቻ እጠበው፤ ቲነር አታስነካው። ዝገቱን በብረት ቡሩሽ አትፈግፍገው፤ ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል። ስትሰቅለው ፀሐይ ከማያገኘው በኩል ይሁን። ቀዩ ቀለም ቶሎ ይለቃል።