መልስ፦ ሄይሮቭስኪ ኖቤል የተሸለመው በየትኛው ሥራ ነው?

የቼክ ኬሚስቱ ያሮስላቭ ሄይሮቭስኪ በ1959 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመበትን ሥራና የሜርኩሪ ጠብታ ለምን እንዳስፈለገው ለጠየቁት፣ ሥራው በ1922 ፕራግ ላይ የጀመረው ፖላሮግራፊ ነው፤ ይህም በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ንጥረ ነገር ምንነትና መጠን በኤሌክትሪክ የሚለካበት ዘዴ ነው። ሜርኩሪው ከቀጭን የመስታወት ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደሚመረመረው ፈሳሽ ሲወርድ፣ እያንዳንዱ ጠብታ አዲስና ንጹሕ ገጽ ይዞ ስለሚመጣ፣ በጠጣር ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ ወደ ፈሳሹ በሚያስገባው አካል) ላይ የሚከማቸው ቆሻሻ ልኬቱን አያዛባውም። እንደ ኤሌክትሮድ በሚያገለግለው ጠብታ ላይ ያለው ቮልቴጅ ቀስ በቀስ ሲጨመር የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ደረጃ እየሠራ ይወጣል፤ ደረጃው የታየበት ቮልቴጅ የንጥረ ነገሩን ማንነት፣ ቁመቱ ደግሞ መጠኑን ያመለክታል። በ1924 ከጃፓናዊው ማሱዞ ሺካታ ጋር ፍሰቱ ከቮልቴጁ ጋር የሚለዋወጥበትን መስመር በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ መሥራታቸው በእኔ እምነት ከግኝቱ የማያንስ ነው፤ ነጥብ በነጥብ በእጅ መመዝገብ እጅግ አድካሚ ነበርና። ሜርኩሪ መርዛማ በመሆኑ ግን ዛሬ ብዙ ቤተ ሙከራዎች የካርቦን ኤሌክትሮድን ይመርጣሉ።