ንጹሕ ውሃ ማፍሰስን አትርሱ፦ የዓሣን ድንጋጤ ለሚያጠኑ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የዓሣን ጠባይ ለማጥናት ስትነሡ ብዙዎቻችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ መሣሪያ ነው፤ የትኛው ካሜራ እንደሚሻልና ስንት አኳሪየም እንደሚበቃ ማወቅ ትፈልጋላችሁ። እኔ ግን በዚህ ሙያ ካሳለፍኳቸው ዓመታት ላካፍላችሁ የምሻው በጣም ርካሽ ስለ ሆነው መሣሪያ፣ ስለ አንድ ብልቃጥ ንጹሕ ውሃ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። ኋላ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ፣ ሚኖው የሚባሉትን የአውሮፓ ትንንሽ ዓሦች ሲያጠና፣ አንዱን ከሌሎቹ ለመለየት እንዲመቸው በጭራው አካባቢ ያለውን ነርቭ ቆርጦ ቆዳው እንዲጠቁር አደረገና ወደ መንጋው መለሰው። ዓሦቹ ግን ባልንጀራቸውን ከመቀበል ይልቅ ደንግጠው ሸሹ። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬ ተበላሸ ብሎ ሊተወው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ግኝቱን በ1938 ካሳወቀ በኋላም በየተራ ሲፈትነው ቆየ። የቆዳን ጭማቂ ከሌሎች የአካል ክፍሎች ጭማቂ ጋር አነጻጸረ፣ ማሽተት የማይችሉ ዓሦች እንደማይደነግጡም አረጋገጠ፤ ቁስለኛውን ማየት ሳይሆን ከተቀደደ ቆዳው የሚወጣውን ነገር ማሽተት ድንጋጤውን እንደሚቀሰቅስ ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። ንጥረ ነገሩንም በጀርመንኛ ሽሬክስቶፍ፣ ማለትም የድንጋጤ ንጥረ ነገር፣ ብሎ ሰየመው።

ይህ ምልክት የሚታመንበት ምክንያት አለው። በሚኖውና በዘመዶቹ ዘንድ ኬሚካሉ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ባሉ ልዩ ሕዋሳት ታሽጎ እንደሚቀመጥ ይታመናል፤ እነዚህ ሕዋሳት ወደ ውጭ የሚከፈት ቀዳዳ ስለሌላቸው ይዘታቸው የሚፈስሰው ቆዳው ሲቀደድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽታው የደረሰው ዓሣ በአቅራቢያው አንዱ መቁሰሉን ያውቃል፤ ውሃው የደፈረሰ ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አዳኙም በውሃ ሣር ውስጥ ቢደበቅ ሽታው ያስጠነቅቀዋል። የደነገጡት ዓሦች ተጠጋግተው ይሰበሰባሉ፣ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ባሉበትም ድርቅ ብለው ይቆማሉ።

ይህ ድርቅ ብሎ መቆም ነው እኔን በወጣትነቴ ያሳሳተኝ። የቆዳ ጭማቂ በጠብታ መስጫ ወደ አኳሪየሙ ባስገባሁ ቁጥር ዓሦቼ ቀጥ ይሉ ስለነበር በደስታ ደብተሬን ሞላሁ። ውጤቱን ያሳየኋቸው መምህሬ ግን፣ «ንጹሕ ውሃ ስታፈስስስ ምን ሆኑ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ውሃ ብቻ ባፈስስ ዓሦቹ እንደ ወትሮው ቀጥ አሉ፤ ያስደነገጣቸው ከላያቸው የሚያርፈው የክንዴ ጥላ ነበር። የሳምንታት ሥራዬን ጥዬ፣ ከመጋረጃ ኋላ ሆኜ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ መስጠት ጀመርኩ። ያ ጥያቄ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም።

ንጹሕ ውሃ ስል ግን ሁልጊዜ ውሃ ማለቴ አይደለም። በካናዳ የተሠራውን የሚኖውና የፓይክን ጥናት ተመልከቱ፤ ፓይክ ትንንሽ ዓሦችን የሚበላ አዳኝ ነው። ፓይክን አይተው የማያውቁ ሚኖዎች ሚኖ ሲበላ የቆየን ፓይክ ሽታ ሲያገኙ ደነገጡ። ተመራማሪዎቹ በዚህ ሳይረኩ ለሌላ ፓይክ ያን ኬሚካል የሌለውን ሶርድቴይል የተባለ ዓሣ መገቡት፤ የዚህኛው ሽታ አላስደነገጣቸውም። በሶርድቴይል የተመገበው ፓይክ እዚህ እንደ ንጹሕ ውሃ ሆኖ ማገልገሉን አስተውሉ። እርሱ ባይኖር ኖሮ ሚኖዎቹ ፓይክን በተፈጥሮ ያውቁታል ብለን በተሳሳትን ነበር። በተቃራኒው ማንነቱን የሚማሩት ነው፤ የፓይክ ሽታ ከቆዳ ጭማቂ ጋር ተጣምሮ አንድ ጊዜ ከደረሳቸው በኋላ የፓይኩ ሽታ ብቻውን ይበቃቸዋል። የአንድ ጊዜ ትምህርት እንዲህ መጽናቱ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ጥንቃቄው ለጀማሪ ብቻ የሚያስፈልግ አይምሰላችሁ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ አሲድነቱ የጨመረ የባሕር ውሃ የኮራል ዓሦችን ከአዳኝ ሽታ የመሸሽ ጠባይ ክፉኛ እንደሚያውክ የሚገልጹ ጥናቶች በሰፊው ተቀባይነት አግኝተው ነበር። በ2020 ግን ሌላ ቡድን በ6 ዝርያዎች ላይ ለ3 ዓመታት ሠርቶና በቪዲዮ ቀርጾ ያንን ውጤት ሊያገኝ እንዳልቻለ ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተመ። የቀድሞዎቹ ተመራማሪዎች መልስ ሰጥተዋል፣ ክርክሩም ብርቱ ነበር። በእኔ አስተያየት ከክርክሩ ልትወስዱት የሚገባው፣ ማንም ቆይቶ ሊመረምረው የሚችል ቪዲዮ መቅረጽንና የትኛው አኳሪየም ምን እንደተሰጠው የማያውቅ ሰው እንዲቆጥር ማድረግን ነው።

ያልተዘጋ ጥያቄም አለ። የቆሰለው ዓሣ ሌሎችን በማስጠንቀቁ ምን ይጠቀማል? አንዳንዶች ሕዋሳቱ መጀመሪያ የቆዳ መከላከያ እንደነበሩና ማስጠንቀቂያነቱ በኋላ የተገኘ ትርፍ እንደሆነ ይናገራሉ፤ እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ።

ከእናንተ መካከል ወደ ጣና ሐይቅ የምትወርዱ አላችሁ። በዚያ የሚኖሩት የባርበስ ዓሦች የሚኖው ዘመዶች ናቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ዝርያዎች አሉ። የቆዳ ጭማቂ ያስደነግጣቸው እንደሆነ ለመፈተን ስትነሡ ሁለት ተመሳሳይ ብልቃጦች አዘጋጁ፤ በአንዱ የቆዳ ጭማቂ፣ በሌላው የዚያኑ ሐይቅ ውሃ ጨምሩ፣ ጓደኛችሁም እናንተ በማታውቁት ምልክት ይለያቸው። ምልክቱን የምትፈቱት ቆጠራችሁን ጨርሳችሁ ደብተራችሁን ከዘጋችሁ በኋላ ይሁን።