መልስ፦ ሊብሬውና ዲክላራሲዮኑ ስለተለያዩበት ቪትዝ

ሊገዙት ያሰቡት ከጃፓን የገባ ቶዮታ ቪትዝ በሊብሬው ላይ እ.ኤ.አ. የ2008፣ በጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ደግሞ የ2007 ምርት መባሉን፣ በሻንሲ ቁጥሩም አንድ ምልክት መለያየቱን ገልጸው ቢገዙት ያሰጋ እንደሆነ ጠይቀዋል።

ሁለቱ ልዩነቶች እኩል አይመዝኑም። የጃፓን የኤክስፖርት ሰርተፊኬት የሚይዘው መኪናው በዚያ አገር መጀመሪያ የተመዘገበበትን ዓመትና ወር እንጂ ከፋብሪካ የወጣበትን ስላልሆነ፣ በ2007 መጨረሻ ተመርቶ በ2008 የተመዘገበ መኪና በሁለቱም ዓመታት ሊጻፍ ይችላል። ሆኖም የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ከወጣ በኋላ የገባ ከሆነ፣ ታክሱ ከመኪናው ዕድሜ ጋር ስለሚያያዝ ነገሩ ከጽሕፈት ስህተት ሊያልፍ ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ሻንሲው ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ባለ 17 ምልክት ቁጥር የለውም፤ እንደ ኬኤስፒ90 ያለ የሞዴል መለያ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ አኃዝ ብቻ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ከሰረዙ በኋላ «ኦ» ከተጻፈ ዜሮ ለማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። አኃዝ ከአኃዝ ከተለያየ ግን ቦዲው ላይ የተመታውን ቁጥር በባትሪ አብርተው ያንብቡ፤ ዙሪያው የተፋቀ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ድርድሩን እዚያው ያቁሙ። (ሊብሬው 1000 ሲሲ፣ ዲክላራሲዮኑ 996 ቢል አያስጨንቅዎ፤ የአንድ ሞተር ልክ ነው።)

እርማቱን ሻጩ በራሱ ስም ያስጨርስ፤ ስህተቱ የዲክላራሲዮኑ ከሆነ ከጉምሩክ፣ የሊብሬው ብቻ ከሆነ መኪናው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይጀምር። እስከዚያው ቀብድ አይክፈሉ።