መልስ፦ የጓቴማላ ገንዘብ ለምን በወፍ ስም ተጠራ?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከኝ ረጅም ጅራት ያለው አረንጓዴ ወፍ ኬትዛል ይባላል። የመካከለኛው አሜሪካዋ አገር የጓቴማላ ብሔራዊ ወፍ ነው፤ ከ1871 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገሪቱ ዓርማ ላይ አለ። ገንዘቡም ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙን ይዟል።

የገንዘቡ ስም ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። ማያዎችና አዝቴኮች በሚባሉት የመካከለኛው አሜሪካና የሜክሲኮ ጥንታዊ ሕዝቦች ዘንድ ላባው የነገሥታትና የካህናት ጌጥ፣ ትልቅ ሀብትም ነበር። ወፉን መግደል ግን ነውር ነበር። ይይዙታል፣ ረጃጅሞቹን ላባዎች ይነቅላሉ፣ ይለቁታል፤ ላባው መልሶ ይበቅላል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ላባ የለበሰው እባብ የሚባለው አምላካቸው ኬትዛልኮአትልም ስሙ ከዚሁ ቃል ጋር የተያያዘ ነው።

ደረቱ ለምን ቀይ ሆነ ላልከው፣ ጓቴማላውያን አንድ አፈ ታሪክ አላቸው። በ1524 እ.ኤ.አ. የኪቼ ማያዎች መሪ ቴኩን ኡማን ከስፔኖች ጋር ሲዋጋ ወደቀ። ኬትዛሉም መጥቶ ደረቱ ላይ አረፈ፤ ደሙም ላባውን አቀላው ይላሉ።

ወፉ የሚኖረው ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ባሉ ጉም የማይለያቸው የተራራ ደኖች ውስጥ ነው። የዱር አቮካዶ እንዳለ ይውጥና ፍሬውን ሌላ ቦታ ይተፋዋል፤ ዛፉም በዚህ ይዛመታል። ጎጆውን የሚሠራው በበሰበሰ ግንድ ውስጥ ስለሆነ ያረጀ ደን ሲመነጠር ቤት አልባ ይሆናል።

ደግሞ ዘመዱ እኛም አገር አለ! ባሌ ሐረና ደን ውስጥ ጀርባው አረንጓዴ፣ ሆዱ ቀይ የሆነ ናሪና ትሮጎን የሚባል ወፍ ይኖራል። ከሄድክ ቀስ ብለህ ፈልገው፤ ቅጠል መሃል ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው።